ልማድ የማን ነው?

ድባቴ የያዘውን ተማሪ «ደህና ብላ፣ በጊዜ ተኛ፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ» እንለዋለን። ቀጥለንም «ከሰው ጋር ሁን» እንለዋለን። እነዚህ ሁለት ምክሮች ናቸው ወይስ አንድ? ለድባቴ ጥናት መጠይቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይለዩዋቸዋል፤ የአኗኗር ልማድ በአንድ ዓምድ፣ የወገን ድጋፍ በሌላ ዓምድ ይገባል። ይህን ክፍፍል ሳልመረምር አልቀበልም።

ለምሳሌ ካርቱምን ላንሳ። እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ ጦርነት በፊት የካርቱም ተማሪ ረፋድ ላይ ቡሽ ይበላ ነበር፦ ፉል ከነመረቁ በዳቦ ተፈትፍቶ፣ የሰሊጥ ዘይትና አይብ ታክሎበት። ርካሽ ነበር፤ ያጠግባል፤ ጓደኛሞች ከበው ከአንድ ሳህን ይበሉት ነበር። ሲመሽ የአል-ማንሺያ ሰፈር ወጣት ወደ ጥቁር ዓባይ ዳር ወርዶ ይንሸራሸር ነበር፤ ሻይ ከሚያፈሉ ሴቶች ዘንድ (አንዳንዶቹ ከእኛው አገር የሄዱ ነበሩ) ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀመጥ ነበር። ባቄላው አኗኗር ነው፤ ሳህኑ ድጋፍ ነው። እርምጃው አኗኗር ነው፤ አብሮ መሄዱ ድጋፍ ነው። ታዲያ ተማሪው ያደረገው ስንት ነገር ነው? ለእኔ አንድ ብቻ ይታየኛል።

«ባቄላ ለብቻ ሲበሉትም ባቄላ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆድ አይለይም። እኔ የምጠይቀው ግን እጅን ወደ ሳህኑ የሚልከው ምንድን ነው ብዬ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ስለ ፍላጎት መጥፋት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብና ስለ ድካም ይጠይቃል። ድባቴ የሚወስደው እነዚህን ከሆነ፣ ምክራችን ከታማሚው የሚጠይቀው በሽታው የወሰደበትን ነው። በሩን መትቶ «ተነስ፣ ቀርቧል» የሚል ጓደኛ ያለው ተማሪ ግን የራሱ ፈቃድ ቢከዳውም በሌላው ፈቃድ ይበላል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ሙከራ አመጋገባቸው ደካማ የሆነ 67 ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ገሚሶቹ የአመጋገብ ባለሙያ ምክር አገኙ። ለገሚሶቹ አብሯቸው የሚጫወት፣ ካርታ የሚያጫውት ሰው ተመደበላቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 32ቱ፣ ከኋለኞቹ ከመቶ 8ቱ ብቻ ከድባቴው ወጡ። ምግብ ጓደኛን አሸነፈ ማለት ነው?

በቀጠሮ የሚመጣ፣ በ12ኛው ሳምንት የሚሰናበት ሰው ጓደኛ አይደለም ልል እችላለሁ። ይህ መልስ ግን ይቀለኛል፤ ያልረዳውን ሁሉ «ጓደኛ አልነበረም» ካልኩ መቼም አልረታም። ስለዚህ ምግብ የራሱ ኃይል እንዳለው እቀበላለሁ። የማልለቀው አንድ ነገር ነው፦ የአመጋገብ ባለሙያውም ሰው ነበር። ደጋግሞ እያገኛቸው ምን እንደበሉ ይጠይቅ ነበር። ሙከራው ምግብን ከመጠየቅ አልለየም።

«ጓደኛ ያጠፋል እንጂ» ይሉኛል። እኛ አገር ዶርም የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም፤ የፈተና ሰሞን ጫት የሚጀመረው በግብዣ ነው፤ እንቅልፍም የሚጠፋው በማኅበር ነው። ይህ ግን ለእኔ ይመሰክራል። መልካሙም ክፉውም ልማድ በሰዎች መካከል ያድራል።

«እሺ፣ በሰው በተሞላ ዶርም ውስጥስ ተማሪዎች ለምን ይደበራሉ?» ከቤቱ ርቆ የተመደበ ልጅ አልጋው በሌሎች አልጋዎች ተከቦ ብቻውን ሊሆን ይችላል። መከበብና መጠበቅ አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ ድጋፍ ያልኩትን ማጥበብ አለብኝ፦ ድጋፍ ማለት ስቀር የሚፈልገኝ ሰው መኖሩ ነው።

የካርቱም ተማሪ ይህን በአንድ ቀን አላጣውም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ተቃውሞ ጀምሮ ትምህርት ይቋረጥ ነበር፤ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ፈነዳ። ተማሪው ወደ ካይሮ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ አዲስ አበባ ተበተነ፤ ትምህርቱም ለብዙዎች በኢንተርኔት ሆነ። ካይሮ ፉል ሞልቷል። ልማዱ የተማሪው የግሉ ቢሆን ኖሮ አብሮት በተሰደደ ነበር። አንዳንዱ ይዞት እንደሄደ አልክድም፤ ግን ልማዱን ለማቆየት ሰዎች የሚከቡት አዲስ ሳህን አስፈልጎታል።

እንግዲህ ለመጠይቁ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ነገ ብትቀር ማን ያንኳኳል?» ይህ ከሌሎቹ ይለያል። «ማንም» የሚል መልስ የሚያገኝ ጠያቂ ቁጥር መዝግቦ ሊሄድ አይችልም፤ ዕዳ ገብቶበታል።