ግዑዝ ነገር ያስታውሳልን?

በመርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳ ተቀምጣ የምትሸጥ አንዲትን ነጋዴ እናስብ። ዛላውን በእጅዋ ዳስሳ የማረቆውን ከሌላው ትለያለች፤ የደንበኛዋን የቆየ ዕዳ ሳትጽፍ ታስታውሳለች፤ ወዲያውም የዛሬውን ሒሳብ ትደምርበታለች። ማስታወስና ማስላት በእርስዋ ዘንድ በአንድ ቤት ያድራሉ። አንጎልዋም ይህን ሁሉ የሚሠራው በ20 ዋት ያህል ኀይል ብቻ ነው።

ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። መዝገቡና ማስሊያው የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ ተሸካሚዎች ጆንያ ከመጋዘን ወደ ሚዛን ሲያመላልሱ እንደሚደክሙ፣ እርሱም ቁጥር በማመላለስ ብዙ ኀይል ያባክናል። ስለዚህ ሊቃውንት መጋዘኑ ራሱ ሚዛን የሚሆንበትን መንገድ ይሻሉ። ሊዮን ቹዋ እ.ኤ.አ. በ1971 ያለፈበትን ኤሌክትሪክ የሚያስታውስ ክፍል ሊኖር እንደሚችል በሒሳብ አመለከተ፤ ሜምሪስተርም አለው። በ2008 የሂውሌት ፓካርድ ተመራማሪዎች ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሠርተው አሳዩ፤ ይኸውም ነጭ የግድግዳ ቀለም የሚሠራበት ነገር ነው። በስስ ሽፋኑ ውስጥ ኦክስጅን የጎደለባቸው ቦታዎች በኤሌክትሪክ ግፊት ይዛወራሉ፤ በዚህም ኤሌክትሪክን ማሳለፍ ይቀልለዋል ወይም ይከብደዋል፤ ግፊቱ ቢቋረጥም እንደ ተለወጠ ይቆያል። ብዙዎቹ በመረብ ሲደረደሩ ባሉበት ሆነው ያባዛሉ፣ ይደምራሉም።

ኀይልን መቆጠብ መልካም ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ግዑዝ ነገር «ያስታውሳል» ሲባል ምን ማለት ነው? ዱካ መያዝ ማስታወስ ከሆነ፣ የተረገጠ ጭቃም ያስታውሳል፤ ባዶው የበርበሬ ጆንያም ያስነጥሰናልና ያስታውሳል ልንል ነው።

ልዩነቱ የሚገለጠው በዕዳ ነው። ሜምሪስተሩን በተቃራኒ ግፊት ብንነካው ዱካው ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ ስለ ተጻፈው የሚያውቀው የለም። ነጋዴዋ ግን ባልዋ ለታመመባት ደንበኛ ዕዳዋን ስትተውላት አልረሳችውም። እስከ ሳንቲሙ ታውቀዋለች፤ እያወቀችም አትጠይቅም። በሚቀጥለው ገበያ ደንበኛዋ አንገትዋን ደፍታ ስታልፍ፣ «ነይ እንጂ እቴ» ብላ ትጠራታለች። የማያስታውስ ምን ይቅር ይላል?

ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። ዛሬ ነጋዴው ብድሩን በስልክ ይቀበላል፤ ማን ይገባዋል የሚለውንም የሚመዝነው እየዋለ እያደረ መሣሪያ እየሆነ ነው። ቁጥሩ ከእኛ ይልቅ በእርሱ ዘንድ በትክክል ይጠበቃል፤ ይህን እናምናለን። ቀኑ ሲደርስ ክፈይ የሚለው መልእክት ወደዚያች ደንበኛ ይደርሳል፤ የባልዋ ሕመም ግን በዚያ መዝገብ አልተጻፈም።