የተቈረጠ ጣት ካሣ፤ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

አንድ ሰው በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ መጋዙ ሦስት ጣቶቹን ቈረጠበት እንበል። አሠሪው ርኅሩኅ ነበረና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ጥቂት ብርም በእጁ አስይዞ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ አሰናበተው። ሁለት ወር ሳይሞላ ብሩ አለቀ፤ ቁስሉ ግን አልዳነም፥ ልጆቹም እንጀራ ይጠይቃሉ። ካሣ ለመጠየቅ ባሰበ ጊዜ ጎረቤቶቹ «የመጸወተህን ሰው ልትከስ ነውን?» ብለው አሳፈሩት። እርሱም ዝም አለ። እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ይህ ነው፤ ያ ጥቂት ብር ምጽዋት ነውን ወይስ ከዕዳ የተከፈለ?

ምጽዋት ነው የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው እንዲህ ነው፤ አሠሪው አላጠፋም፥ ደመወዙንም አላስቀረም፤ ሠራተኛውም የመጋዙን ስለት እያየ በፈቃዱ ገባ፤ ስለዚህ የደረሰበት መከራ የራሱ ዕድል ነው ይላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ይመስላል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 እንኳ የቆሰለው ሰው ሥራ ፈትቶ ስለ ተኛበት ቀንና ስለ መዳኑ ወጪ እንዲከፍል የታዘዘው የመታው ሰው ነው፤ በመሰንጠቂያው ቤት ግን የመታ ሰው የለም።

ነገር ግን መቺ ባይኖርም ተጠቃሚ አለ። መጋዙ የሚዞረው ለአሠሪው ትርፍ ነው፤ ጥንቃቄ ቢበዛ እንኳ አደጋው ከሥራው ጋራ አብሮ ይኖራል። መጋዙ በተሰበረ ጊዜ አሠሪው በገንዘቡ ሌላ ይገዛል፤ ይህንንም ከሥራው ወጪ ይቈጥረዋል እንጂ ለመጋዙ መጸወትሁ አይልም። ታዲያ ለብረት የተገባው ለሥጋ እንዴት ይቀራል? ደመወዝ የቀን ድካም ዋጋ ነው እንጂ የጣት ዋጋ አይደለም።

ይህን ፍርድ መንግሥታት የተቀበሉት ዘግይተው ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1884 የጀርመን መንግሥት አሠሪዎች በማኅበር ሆነው ገንዘብ እያዋጡ የተጎዳውን እንዲክሱ በሕግ አዘዘ፤ በ1897ም እንግሊዝ በባቡር ሐዲድ፥ በፋብሪካና በማዕድን ጉድጓድ የሚሠራ ሰው የጌታውን ጥፋት ማስረዳት ሳያስፈልገው ካሣ እንዲያገኝ ደነገገች። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ሕክምናውን ይከፍላል፤ ለጊዜው መሥራት ለተሳነውም ሠራተኛ በመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፥ በሚቀጥለው 3 ወር ከመቶ 75፥ ከዚያም በኋላ ባለው 6 ወር ከመቶ 50 የማያንስ ይሰጣል። ሆን ብሎ ራሱን ያቈሰለ ግን በዚህ አይገባም። እንግዲህ በሁለተኛው ወር ልጆቹ የተራቡበት ያ ሰው በዚህ ሕግ ሙሉ ደመወዙ ይገባው ነበር።

ዕዳ ከሆነ ግን ዕዳ ጠያቂውም እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል። ጉዳቱን ሳይውል ሳያድር ያስታውቅ፤ የሐኪሙን ወረቀት ይጠብቅ፤ ቁስሉን አያብዛ፥ አሮጌውንም ሕመም ከአዲሱ ጋራ አይደባልቅ። ባልንጀራውም ያየውን ይመስክር፤ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም የሚል ምስክር ነገ በዚያው መጋዝ ፊት የሚቆመው ራሱ ነውና።

አሠሪውም ዕዳውን በመክፈሉ ክብሩ አይቀንስም። ርኅራኄ በዕዳ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ በዕዳ ፈንታ የሚሰጥ አይደለም፤ የተጎዳውም ሰው ስለ ርኅራኄው ያመስግን፥ የሚገባውን ለመጠየቅ ግን አይፈር።