ቤት የገዛ ሰው ምን ገዛ?

ባሕር የሌለው አገርም የራሱ የባሕር ዳርቻ ከተሞች አሉት። ሰው ለሥራ ወይም ለዘመድ ሳይሆን አየሩን ወዶ ቤት የሚገዛባቸውን ከተሞች ማለታችን ነው። ለቢሾፍቱና ለሐዋሳ ሐይቃቸው ገዢ ይጠራላቸዋል፤ ለጅማ ደግሞ ዝናቧ፣ ጥላዋና ቡናዋ። ታዲያ እዚህ ጅማ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው በርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው? ከገዛስ በኋላ ዕዳ ይቀርበታል ወይስ ዋጋውን ከፍሏልና ነጻ ነው? ጥያቄው የባለሀብት ብቻ ይመስላል። ነገ ተመርቀን ደመወዝ ስንቆጥር ግን የኛም ጥያቄ ይሆናል።

ከደላላው አፍ እንጀምር። ደላላ እንዲህ ይላል፦ «አየሩ ልዩ ነው፤ ሰፈሩ ሰላም ነው፤ ገበያው ቅርብ ነው፤ ካርታው ንጹሕ ነው።» ከነዚህ ውስጥ የሻጩ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው! አየሩን የሚሰጠው ደኑ ነው፤ ሰላሙን የሚጠብቀው ጎረቤት ነው፤ ገበያውን ያቆመው ሕዝብ ነው። እስቲ አንድ ዓይነት ሁለት የጭቃ ቤቶች እንውሰድ፤ እንጨታቸው እኩል፣ ቆርቆሯቸው እኩል። አንዱ ፈረንጅ አራዳ፣ ሌላው ከከተማው ዳር ቢሆን ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። ይህን ልዩነት አናጢው አልሠራውም።

እንግዲያስ ማን ሠራው? የከተማው ታሪክ ይመልስልናል። ዛሬ ጅማ የምንለው ከተማ ያደገው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው፤ ገበያውን ያደመቁትም ከሩቅ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችና የአካባቢው ገበሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ንግዱን ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተቋቋመ። ከሁሉ በላይ ግን የጎማ፣ የሊሙና የጌራ ገበሬ አለ፤ በጥቅምትና በኅዳር ቀይ ፍሬ ለቅሞ ያገኘውን ብር አጋሮና ጅማ ገበያ ላይ የሚያፈሰው እሱ ነው። የቦታው ዋጋ እንግዲህ የነዚህ ሁሉ ድካም ጥርቅም ነው።

ሕጉም ይህን ሳያውቀው አልቀረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ የመኖሪያ ቦታ ለ99 ዓመት ይያዛል፤ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤትም ከውርስ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። በወረቀት መሬት አይሸጥም፤ በገበያ ግን የቤት ዋጋ እየተባለ የሚከፈለው የቦታ ዋጋም ጭምር እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ታዲያ እማማ ቤታቸውን በደህና ዋጋ ሸጠው ልጆቻቸውን ቢያቋቁሙ ሊወቀሱ ነው?» ይለን ይሆናል። ማን ይሙት፣ አንወቅሳቸውም! ሰፈሩን ካቀኑት አንዷ እሳቸው ናቸው፤ ቢያገኙ ደግ አደረጉ። ዓረብ አገር ለፍቶ የተመለሰው፣ ጡረታ ወጥቶ የትውልድ ከተማው የናፈቀውም ቤት መግዛቱ ነውር የለበትም። የሚያሳስበን ገዝቶ፣ አጥሮ፣ ዘበኛ አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ የሚሄደው ነው። ዕድር አይገባም፤ ከጎረቤት ቡና አይጠጣም፤ ከጉልት ሽንኩርት አይገዛም። ዋጋው ግን በሱና በመሰሎቹ ምክንያት ይወጣል፤ አስተማሪውና ነርሷ ወደ ዳር ይገፋሉ። ሰው ሲያልቅበት ያ የተወደደ ሰፈር የተወደደበትን ምክንያት ያጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ በጅማ ዙሪያ የቡና መሬት ከያዙት መካከል እዚያ የማይኖሩ ነበሩ። ጭሰኛው ያለማል፤ ባለመሬቱ ምርቱን ይካፈላል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተባለ። ሐሳቡ ፍትሕ ነበረው፤ ኪራይም ቀነሰ። ነገር ግን ውሎ አድሮ የብዙው የቀበሌ ቤት ጣራ አፈሰሰ፤ የሚያድሰው ጠፋ። ባለቤቱ ተነቀለ፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን በቦታው አልተተከለም።

በውጭ አገርም የሞከሩ አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሴንት አይቭስ የምትባል የድሮ ዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ባሕሯን የወደዱ ባለገንዘቦች ቤቶቿን ለዕረፍት ጊዜ እየገዙ የአገሬው ልጅ መኖሪያ ተወደደበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ ከ80 የሚበልጠው፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ይሁን አለ። ይሁንና ደንቡ ነባሮቹን ቤቶች አይነካም፤ ገንዘብ ያለው ወደነሱ መዞር ይችላል። በኛ አገር ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጋ ከ150,000 ዶላር ያላነሰ አውጥቶ ቤት እንዲይዝ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ገዢው ከሩቅም ይመጣል ማለት ነው።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ የቦታን መልካምነት የገዛ ሰው ለሻጩ ከከፈለ በኋላም ያንን መልካምነት ለሠሩት ሰዎች ዕዳ ይቀርበታል። ይኑርበት፤ መኖር ካልቻለ ደመወዝተኛ በሚችለው ኪራይ ሰው ያስገባበት። ዕድር ይግባ፤ ቦይ ሲጠረግ አይቅር። ግቢው ውስጥ ያገኘውን ዛፍ ለግንብ ሲል አይጨፍጭፍ፤ ጥላውን ወዶ አይደል የመጣው? «ማን ያስገድደዋል?» ቢባል ሕግ ሁሉን አይችልም፤ ጎረቤት ግን ቀብር ያልመጣን ሰው «የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ያውቅበታል።

እኛም አንድ ቀን ቁልፍ ስንቀበል «ስንት ነው?» ብቻ ብለን አንመለስ። «ከዚህ ቤት ማን ወጣ? ወዴትስ ሄደ? እኔስ ለማን ጎረቤት ልሆን ነው?» ብለንም እንጠይቅ።