ቀረለት፣ ቀረበት



አማርኛችን ስለ ገንዘብና ስለ ንብረት ሲናገር ጠንቃቃ ነው። ራሱ ተመልሶ የሚመጣውን ዕቃ፣ ድስቱን፣ መሰላሉን፣ መጽሐፉን እንዋሳለን፤ ወጪ ሆኖ በምትኩ ሌላ የሚከፈለውን ብርና እህል ግን እንበደራለን። ሰጪውም አንዱን ያውሳል፣ ሌላውን ያበድራል። ይህ ጠንቃቃ ቋንቋ ስለ ዕዳ ፍጻሜ ሲናገር ግን አንዱን ግሥ ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ያውለዋል። «ቀረ» ስንል አንድ ነገር ሳይነሣ መቆየቱን እንገልጻለን፤ በዚያው ቃል መተዉንም እንገልጻለን። ልዩነቱን የምታሳየው አንዲት ፊደል ናት። ዕዳው «ቀረለት» የተባለ ሰው ነጻ ወጥቷል፤ «ቀረበት» የተባለው ግን ሸክሙ ገና አልወረደለትም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» እንደዚሁ ናቸው። «ብድሩን መለሰ» ስንልም ውለታ የከፈለውን ወይም ቂሙን የተወጣውን ማለታችን ሊሆን ይችላል።

«ይቅርታ» የሚለው ቃል ከዚሁ «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጌታችን ይናገርበት በነበረው በአራማይክ ቋንቋም ዕዳና ኃጢአት በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ስለዚህ በአባታችን ሆይ ጸሎት ይቅርታን ስንለምን በላያችን የቀረው እንዲቀርልን መለመናችን ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የምናነበው አገልጋይ የእልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ምንዳ ነው። ዕዳው እንግዲህ ወደ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይጠጋል። ሰውዬው የለመነው ጊዜ እንዲሰጠው ነበር፤ ንጉሡ ግን ዕዳውን በሙሉ ተወለት። ይኸው ሰው 100 ዲናር ያበደረው ባልንጀራው በተራው ጊዜ ሲለምነው እንኳን ዕዳውን ሊተውለት ጊዜውንም ነፈገው። የመቶ ቀን ምንዳ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ወንጌልም ዕዳው ሐሰት ነው አላለም። ሆኖም በዚህ ምክንያት ለአገልጋዩ ቀርቶለት የነበረው እንደገና ቀረበት።

ይህ ቃል በምሥራቅ አዲስ አበባ ለምንኖር ሁሉ ቅርብ ነው። በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ እስከ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ፣ በ20/80 መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ቤተሰብ 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን ከባንክ ይበደራል። ባንኩ ውል አለው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዕዳ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም፤ ከእኅት፣ ከጎረቤት፣ ከዕቁብተኛ የተገኘ ነው። ይህ ሳይከፈል ሲቆይ ከገንዘቡ ይልቅ ሰላምታው ይጠፋል። ተበዳሪው አበዳሪውን ላለማግኘት ሌላ መንገድ ይመርጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቅዳሴ ላይ ቆመው በአንድ ድምፅ ይቅርታን ሲለምኑ ግን አይተያዩም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ መክፈል የሚችል ይክፈል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2411 ዕዳን መክፈል የፍትሕ ግዴታ መሆኑን ያስተምራል፤ የአበዳሪው ቸርነት ለሚችል ሰው ሰበብ አይሆንም። ሁለተኛ፣ መክፈል ያልቻለ አይሽሽ፤ ሄዶ ይናገር፣ ጊዜ ይለምን። ሦስተኛ፣ አበዳሪው በችግረኛ ላይ አራጣ አይጫን፤ አራጣ በሀገራችን የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ባለዕዳው በእውነት የተቸገረ እንደሆነም ጊዜ ይስጠው፤ ከቻለም ይተውለት። የተወውንም በልቡ መዝገብ አያኑር፤ በአፍ ቀርቶ በልብ የቆየ ዕዳ ገና አልቀረምና።

ቤተ ክርስቲያን ይህን የምትጠይቀው ከግለሰቦች ብቻ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለ2000ው ኢዮቤልዩ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለ2025ቱ (እ.ኤ.አ.) የድኾች ሀገራት ዕዳ እንዲቃለል ባለጸጎቹን ለምነዋል። ለሀገራችን የምንመኘውን ለጎረቤታችን ብንነፍግ ጸሎታችን ጎዶሎ ይሆናል።

ወደ ምሥጢረ ንስሐ ከመቅረባችን በፊት እንግዲህ የማንን ዕዳ እንደያዝንና ማንን በዕዳ እንደያዝን እንመርምር። በመስቀሉ ዕዳችንን የተወልን ጌታ፣ «ቀረበት» የምንለውን ሁሉ «ቀረለት» ለማለት ልብ ይስጠን። አሜን።