እንግዳ ሰጪ ሲሆን

በጎጃም ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። ስሙንና አገሩን የሚጠይቀው ቢኖር እንኳ እግሩ ከታጠበና እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። በዚህ ልማድ እንግዳ ማለት ተቀባይ ማለት ነው። ባዶ እጁን ይመጣል፤ ይበላል፣ ያድራል፣ መርቆ ይሄዳል። የሚሰጠው ነገር ቢኖር ምርቃቱና በመንገድ የሰማው ወሬ ነው። ክብሩ የባለቤቱ ነው፤ የሰጠው እሱ ነውና።

ታዲያ እንግዳው ራሱ ሰጪ ሆኖ ሲመጣ ምን ይሆናል? ይኸን የምንጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ወደየወረዳው የምንበተን ሁሉ ይመለከተናል። ነገር ግን ወደ ራሳችን ከመምጣታችን በፊት ጉዳዩ ጎልቶ የሚታይባቸውን ሰዎች እንይ። የአሜሪካ የሰላም ጓዶችን ማለታችን ነው።

የሰላም ጓድ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን በሐሪስ ዎፎርድ መሪነት አዲስ አበባ ገቡና በየጠቅላይ ግዛቱ ወዳሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። አብዛኞቹ ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የውላቸው ዘመን ሁለት ዓመት ነው። አማርኛ ከመምጣታቸው በፊት ጀምረው ነበር። ምን ያህል እንደያዛቸው ግን የሚታወቀው ገበያ ሲወጡ ነው!

እስቲ አንዱን በሐሳብ ፍኖተ ሰላም ላይ እናስቀምጠው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ይሁን፤ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቷል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆቹ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በርበሬ ሲጠይቅ ዋጋው ከፊቱ እንደ ነበረችው ሴትዮ አይደለም። ይኸን ሁሉ ይችለዋል። አንድ ቀን ጎረቤቱ ያሉ ባልቴት «ና ልጄ፣ ቡና ጠጣ» ይሉታል። ይገባል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቶ ሲነሣ አንዲት ብር ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጣል። ባልቴቷ ዝም ይላሉ። በማግስቱ ግን አይጠሩትም።

ይኸ ሰው ምን አጠፋ? በአገሩ ሕግ ከሄድን ምንም። በሰው ላይ ሸክም አልሆነም፤ ድኻ ጎረቤቱን አላስወጣም። ያደገበት ሥነ ምግባር «ዕዳ አይኑርብህ» ይለዋል። በኛ ዘንድ ግን ሒሳብ ተዘጋ ማለት ዝምድና ተዘጋ ማለት ነው። ዛሬ የእርስዎን ቡና እጠጣለሁ፤ ነገ እርስዎ የእኔን። ዕዳው መካከላችን ላይ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ያስተሳስረናል። እሱ ግን በንጹሕ ልቡ ገመዱን በጠሰው።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ይኸው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰጥ የሚውል መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ መጻሕፍት ከአገሩ ያስመጣል፣ ማታ ደካማ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስጠናል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን እየሰጠ የማይቀበል ሰው፣ ሳይፈልገውም ቢሆን፣ ከሰዎቹ በላይ ይቆማል። ከላይ የቆመ ሰው ይመሰገናል እንጂ ዘመድ አይሆንም። (ደግሞ እኮ ብቻውን ነው! ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብዳቤ ሲጽፍ ማን ያየዋል?) ምናልባት የሚያድነው ሕመም ነው። ሆዱን ታሞ ሦስት ቀን ሲተኛ ባልቴቷ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ብር አያወጣም፤ አቅም የለውምና። በትምህርት ቤቱ ሥራ ያልሆነው በአንድ ሳህን አጥሚት ይሆናል፤ እንደ መንገደኛው ተቀባይ ሆነ ማለት ነው።

እስካሁን ያልነው የቡናና የአጥሚት ነገር ነው። የሚከብደው ወዲህ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ የጎጃም ገበሬ የርስት መሬቱን ሊለኩበትና ሊወስዱበት የመጡ መሰለውና አልቀበልም አለ። ነገሩ ወደ ጦርነት አመራ። መንግሥት በገበሬው ላይ ጦር ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንም ላከ፤ መንደሮች ከአየር ተደበደቡ። በዚያ ዘመን የአየር ኃይሉ የጦር አውሮፕላኖች በብዛት የአሜሪካ ሥሪት ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ዓመት በጎጃም የሚያስተምር አሜሪካዊ ምን ይበል? የጋበዘው መንግሥት ነው፤ ያበላው ገበሬ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት የገበሬው ልጆች ናቸው። ቢናገር ያባርሩታል፤ ዝም ቢል የማን እንግዳ ነው?

«እንግዳ በሰው ቤት ጠብ አይገባም» የሚሉ አሉ። እውነት አለው። ነገር ግን ይኸ ሕግ ለዚያ ለመሸበት መንገደኛ የተሠራ ነው፤ አድሮ ለሚሄደው። ሁለት ዓመት ተቀምጦ የሰው ልጅ የሚያስተምር ሰው «እኔ እኮ እንግዳ ነኝ» ማለት ሲመቸው ብቻ የሚለብሰው ካባ ይሆንበታል። ቢያንስ በዚያ ሰሞን ከክፍል የቀረ ልጅ ቤት ሄዶ «ምነው ቀረህ?» ማለት ይችል ነበር። ይኸም ትንሽ አይደለም።

ከኛ በፊት በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ተማሪዎች ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት። በ1961 ዓ.ም. እንቅስቃሴ የሰላም ጓድ ይውጣ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ክሱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ የአሜሪካ መንግሥት በአስመራ የቃኘው ጣቢያ ነበረው፣ ከዘውዱ ጋር የነበረውም ወዳጅነት የታወቀ ነው። ይሁንና «ፈረንጁ ይውጣ» ማለት ቀላሉ ክፍል ነበር። ፈረንጁ ሲወጣ በቦታው የሚገባው ማን ነው? እኛው ነን።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ለቡሬ ገበሬ የአዲስ አበባ ተማሪም ሌላ ፈረንጅ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ፊደል አስቆጠሩ፣ የመሬቱን አዋጅ አስረዱ። ብዙ ሠሩ። ነገር ግን ለገበሬው ስለ ገበሬው ሕይወት ንግግር ማድረግ የተጀመረው ሞፈርና ቀንበር ለይቶ ሳያውቁ ነበር። ያም እንደ አሜሪካዊው ብር ከረከቦቱ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

በፈረንጁና በኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት ይኖራል፤ እሱ መሄጃ አለው። የሰላም ጓዶች በ1969 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመልሰው መጡ፤ የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ወጡ። በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ እንደገና ገቡ፤ በጤና፣ በአካባቢ ጥበቃና በእንግሊዝኛ ማስተማር ሠሩ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ከመላው ዓለም ተጠርተው ሄዱ። ባልቴቷ የትም አልሄዱም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በወረደ ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸው ሲዘገብ፣ የሞቱት መሄጃ የሌላቸው ነበሩ። የከተማው ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

መሄጃ ያለው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው አንልም። እንዲያማ ቢሆን እኛም አንተርፍም፤ የተመደብንበትን ወረዳ በዓመቱ ለመልቀቅ የዝውውር ማመልከቻ የምንጽፍ ጥቂት ነን እንዴ? ጥያቄው መሄጃ ያለው ሰው እስኪሄድ ድረስ እንዴት ይኑር ነው።

እኛ የሚመስለን መልሱ ከዕድር ነው። ቡሬ ላይ የተመደበ መምህር ሰፈሩ ዕድር ቢገባ ምን ያገኛል? በሂሳብ ካየነው ምንም፤ እዚያ አይሞትም፣ ቀባሪም አያስፈልገው ይሆናል። ሲለቅ ያዋጣው አይመለስለትም። ነገር ግን መዋጮውን የሚወስነው እሱ አይደለም፤ ከሸማኔውና ከጠላ ሻጯ እኩል ይከፍላል። የሚያስተምረው ነገር የለም፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌሊት ጡሩምባ ሲነፋ እንደ ሌላው ይነሣል። ከቀረም እንደ ሌላው ይቀጣል።