ያልታየ ፍጥረት መብት አለውን?

መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ካሲኒ የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር፥ ከምድር ከተነሣች ሃያ ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት፥ የጥንት ሊቃውንት ዙሐል ወደሚሉት ወደ ሳተርን ደመና በላኪዎቿ ፈቃድ ገብታ ነደደች። በመጨረሻዪቱ ደቂቃ አንቴናዋን ወደ ምድር አቅንታ፥ የሚያንገላታትን አየር በትናንሽ ሞተሮቿ እየተቋቋመች፥ የዚያኑ አየር ጠባይ እየለካች ትልክ ነበር፤ ሞተሮቿ በሙሉ ኃይላቸው ሠርተው ሊቋቋሙት ባቃታቸው ጊዜ ግን ፊቷ ከምድር ዞረ፥ ቃሏም ተቋረጠ። የመጨረሻው ምልክት በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ ካለው ጣቢያ ለመድረስ 83 ደቂቃ ያህል ስለ ፈጀበት፥ ሰዎቹ ድምፅዋን ሲሰሙ እርሷ ከጠፋች ቆይታ ነበር።

እንዲህ ያለችውን ብርቅ መሣሪያ በገዛ እጅ ማጥፋት ለምን አስፈለገ ቢሉ፥ ነዳጇ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበርና፥ መሪ አጥታ ስትንከራተት ከሳተርን ጨረቃዎች ከኤንሴላደስ ወይም ከታይታን ላይ እንዳትወድቅ፥ ምናልባትም ከምድር ተሸክማው የሄደችው ተህዋሲ በዚያ እንዳይራባ ተፈርቶ ነው። ከርሷ በፊትም ጋሊሌዮ የተባለችው መንኰራኵር፥ ከበረዶዋ በታች ባሕር አለባት ተብላ የምትታመነውን የጁፒተርን ጨረቃ ዩሮፓን እንዳትበክል፥ መስከረም 10 ቀን 1996 ዓ.ም. በጁፒተር አየር ውስጥ እንድትጠፋ ተደርጋለች።

ኤንሴላደስ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነች፥ ገጿን በረዶ የሸፈነው ትንሽ ጨረቃ ናት። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታዋ ካሉት አራት ረጃጅም ስንጥቆች የውኃ እንፋሎትና የበረዶ ቅንጣት ወደ ሕዋ ሲፈልቅ ተገኘ፤ ካሲኒም በፍልቁ መካከል እየበረረች ብትመረምረው ጨው፥ ካርቦን ያለባቸው ውሑዶችና ሃይድሮጂን አገኘችበት፤ ሃይድሮጂኑም ከበረዶዋ በታች ካለው ባሕር ወለል ላይ ሙቅ ውኃና ዐለት እንደሚገናኙ የሚያመለክት ነው። በምድራችን ባሕር ጥልቅ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ ከዚሁ ከሃይድሮጂን ኃይል እያገኙ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት አሉ። የኤንሴላደስን ባሕር እንዳይረጋ የሚያደርገው ሙቀትም ከፀሐይ የመጣ አይደለም፤ ጨረቃዪቱ በ33 ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ ሳተርንን ስትዞር፥ አንድ ጊዜ ቀርባ አንድ ጊዜ ርቃ ስለምትሄድ፥ የታላቁ ዓለም ስበት አካላቷን እያሸ ያሞቀዋል እንጂ።

ታዲያ ይህ ባሕር ለማን ተፈጠረ? ኦሪት ዘፍጥረት ብርሃናት ለምልክትና ለዘመን፥ ለዕለትና ለዓመት እንደ ተሠሩ ይነግረናል፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራንም በዚሁ ትምህርት ጸንተው በዓላትንና አጽዋማትን በፀሐይና በጨረቃ ሒሳብ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም ዑርኤል ለሄኖክ የብርሃናትን መውጫና መግቢያ እንዳሳየው ይተርካል። እነዚህ ሁሉ ግን የሰው ዓይን የሚያያቸው፥ የሰው ጣት የሚቆጥራቸው ናቸው። በበረዶ ሥር ተከድኖ ከዘመን ወደ ዘመን የተላወሰው ባሕር ለማንም በዓል አላወጣም፥ ለማንም መርከበኛ መንገድ አላመለከተም። ይህን የሚመስል ነገር በመጽሐፍ የማገኘው በኢዮብ መጨረሻ ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር ጻድቁን ሲጠይቀው፥ ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ዝናም የሚያዘንም ማን እንደ ሆነ ያነሣበታል። ፍጥረት ሁሉ ስለ እኛ ጥቅም ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ያ ዝናም ከንቱ በሆነ ነበር።

አንዳንዶች መንኰራኵሮቹን እስከ ማጥፋት የደረሰው ጥንቃቄ ለራስ ጥቅም ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ወደፊት የራሳቸውን ተህዋሲ አግኝተው አዲስ ሕይወት አገኘን እንዳይሉ ነው ማለታቸው ነው። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሰው ሥራ ሁሉ ምክንያቱ ድብልቅ ነውና በዚህ ብቻ አይነቀፍም። ሌሎች ደግሞ ለአዳም ሥልጣን ተሰጥቶታል ብለው ይከራከራሉ። ተሰጥቶታል፤ የተሰጠው ግን ምድርን እንዲገዛ ነው፥ የዙሐል ጨረቃ በዚያ ስጦታ ውስጥ ስትጠቀስ አላየሁም።

እኔ ተህዋሲ እንደ ሰው ክብር አለው አልልም። መብት የምንለው ነገር እዚህ ላይ የፍጥረቱ ሳይሆን የባለቤቱ ይመስለኛል፤ በሰው ቤት ያደረ እንግዳ፥ ድስቱ ባዶ ይሁን ሙሉ ሳያውቅ፥ ክዳኑን ከማንሣት ይከለከላልና። በኤንሴላደስ ሕይወት መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ግዴታው ግን ማረጋገጫ እስኪመጣ አይጠብቅም፥ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ጥንቃቄ ምናልባት ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣ ነውና። በ1959 ዓ.ም. የተፈረመው የሕዋ ውል በ9ኛው አንቀጹ መንግሥታት ሰማያዊ አካላትን ከጎጂ ብክለት እንዲጠብቁ ያዘዘው፥ ቃሉ የሕግ ቃል ቢሆንም፥ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም።

የሚያሳዝነው፥ ከቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀ ለማይታይ ፍጥረት የተጠነቀቀው ትውልድ ከራሱ ላይ ያለውን ሰማይ በፍርስራሽ መሙላቱ ነው። የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. አገልግሎቷ ያበቃ የሩሲያ ሳተላይትና አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ከሳይቤሪያ በላይ ተጋጭተው፥ መከታተያ መሣሪያዎች የሚያዩት ብቻ ከ2,000 የሚበልጥ ስባሪ በምድር ዙሪያ በትነዋል። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱን ሳተላይታችንን ከቻይና ምድር ካስወነጨፍን ወዲህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ልንል አንችልም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ቴሌስኮፖቹ የቆሙበት ጣቢያና ሄኖክ ከብርሃናት ጋራ በስሙ በሚያነሣው በቅዱስ ራጉኤል የተሰየመው ደብር ጎረቤታሞች ናቸው፤ የጣቢያው ተመራማሪዎችና የደብሩ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ይዘው በአንድ ጉባኤ እንዲቀመጡ እለምናለሁ።