ማስነጠስና መዳን

እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ያጸደቁት የበሽታዎች ምደባ መነሻው ጥንታዊ ቻይና ለሆነው ባህላዊ ሕክምና የራሱን ምዕራፍ ሰጠው። ክርክሩም ጦፈ። አንዱ ወገን ለዘመናት የተካበተው ዕውቀት የሚገባውን ክብር አገኘ ሲል፣ ሌላው ያልተፈተነ ነገር ማኅተም ተመታበት ብሎ ተቆጣ። የሁለቱም ሙግት «ይሠራል፤ አይሠራም» ነው። ስትሮክ ለመታው ሰው በአፍንጫው የዕፅ መድኃኒት ሲሰጠው ግን ይህ ጥያቄ ሦስት ይሆናል። መድኃኒቱ አንጎል ይደርሳል? ሰውየውን ያነቃዋል? ያድነዋል?

ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ በድንገት ለወደቀ ሰው ከሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል ጭማቂ በአፍንጫው እንዲጨመር አዟል። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ቶንግጓን ሳን የሚባል የዕፅ ዱቄት ነበራቸው። የላመውን ዱቄት ራሱን በሳተው ሰው አፍንጫ እፍ ይሉና ይጠብቃሉ። ካስነጠሰ ይታከማል፤ ካላስነጠሰ ተስፋ የለውም ይባል ነበር።

ይህ በደንብ የታየ ነገር ነው። ማስነጠስን የሚመራው የአንጎል ግንድ ነው፤ መተንፈስን የሚቆጣጠረውም እሱው ነው። ያስነጠሰ ሰው ግንዱ ስላልተጎዳ የመትረፍ ዕድሉ ቀድሞውንም የተሻለ ነው። ዱቄቱ የሚተርፈውን ከማይተርፈው ለየ፤ አጠገቡ የቆመ ዘመድ ግን «አዳነው» ብሎ ቢያወራ ማን ይፈርድበታል?

መድረሱም እንደዚሁ ያታልላል። ከአፍንጫ ጣሪያ በላይ ባለው ወንፊት መሳይ አጥንት የማሽተት ነርቮች ወደ አንጎል ያልፋሉ። ተመራማሪዎች በዚህ በር አብዛኛውን መድኃኒት የሚመልሰውን የደምና የአንጎል ድንበር ለማለፍ ይሞክራሉ። አይጦች ላይ የተገኘው ውጤት ያጓጓል። ነገር ግን በአይጥ አፍንጫ ውስጥ የማሽተቻው ክፍል ግማሽ ያህሉን ቦታ ሲይዝ፣ በሰው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ደግሞም መድረስ ብቻውን ምንም አይፈውስም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን የታመመ ሲያስታምሙ የኖሩ አዋቂዎች ሁሉ ተሳስተዋል ማለት ነው? ዳማከሴ ጨምቃ በልጇ አፍንጫ የምታንጠባጥብ እናትስ ያየችውን አላየሽም ትባላለች?

አትባልም። ሁልጊዜና ወዲያው የሚሆነውን ነገር ዓይን አይስተውም፤ የሚያስነጥሰውን፣ የሚያስመልሰውን፣ የሚያደነዝዘውን አባቶች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የስትሮክ ጠባይ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ አንዳንዱ በወራት ቀስ እያለ ይሻሻላል፤ ሌላው ይገድላል። አንድ መድኃኒት ከመቶ ሰው ስምንቱን ቢጠቅም፣ ያንን ልዩነት የመንደር ሐኪም ዕድሜ ልኩን ቢያክም ለይቶ አያየውም። ነጭ ገዋን የለበሰ ፕሮፌሰርም በዓይኑ ብቻ አያየውም። ድክመቱ የባህል ሐኪሙ አይደለም፤ የሰው ዓይን ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ብዙ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ የሚያነጻጽር ሙከራ ነው፤ ስለዚህ ሙከራ የነጮች መለኪያ ነው የሚለው ክስ አያስኬድም።

ቻይናውያን ሐኪሞችም ይህን አውቀው መድኃኒታቸውን ለፈተና አቅርበውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ከ1,600 የሚበልጡ ታካሚዎችን በ26 ሆስፒታሎች አሳትፏል። ከአራት ዕፅዋት የተቀመመው ፈሳሽ በአፍ፣ መዋጥ ላቃተው ደግሞ በአፍንጫ አልፎ ሆድ በሚደርስ ቱቦ ተሰጠ። ከ90 ቀን በኋላ የታካሚዎቹ ማገገም የማስመሰያውን ፈሳሽ ከወሰዱት አልተለየም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። ቦርኒዮል የሚባል ከዛፍ የሚገኝ፣ ሽታው ካፉር የሚመስል ነገር አለ፤ የቻይና ሐኪሞች ራሱን የሳተውን ለማንቃት ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ የአንጎላቸው ደም ሥር የተዘጋባቸው 1,165 ታካሚዎች ግማሾቹ ኤዳራቮን የተባለውን መድኃኒት ብቻውን፣ ግማሾቹ ከቦርኒዮል ጋር በደም ሥር ወሰዱ። ብቻውን ከወሰዱት ከመቶ 59 ያህሉ በደንብ ሲያገግሙ፣ ከቦርኒዮል ጋር ከወሰዱት 67 ያህሉ አገገሙ። የተገኘው ልዩነት ዓይን ሊያየው የማይችለው ዓይነት ነው፤ ያም ሆኖ የጥንቶቹ ሰዎች እጅ የነካው ነገር ውስጥ ተገኘ። ማንቃትና ማዳን ፈጽሞ አይገናኙም ብሎ አፍን ሞልቶ መናገር ከዚህ በኋላ ይከብዳል። የሚቀረው ጠበብ ያለ ነው፦ ባህሉ የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል፤ መገኘቱን ግን አያረጋግጥም።

እስኪረጋገጥ ድረስ ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ በአፍንጫውም በአፉም ምንም አታድርጉ። ጉሮሮው ሰንፎ ሊሆን ስለሚችል ፈሳሹ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በዋናነት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ወደ ሆስፒታል ሩጡ።